«ብቻሽን? ውይ ሚስኪን!»

ጃፓን ተማሪ ሳለሁ ካናዛዋ የምትባል ከተማን አንድ ቀን ሙሉ ብቻዬን ስዞር ዋልኩ። ይህን ባወራሁ ቁጥር የሚመለስልኝ አንድ ነው፦ «ብቻሽን? ውይ ሚስኪን!» ከዚያ ሌላው ግምት ይከተላል። ሰሞኑን ለሥልጠና ወደ ጃፓን የምትሄድ ጓደኛዬም ይህንኑ ሁሉ ደገመችልኝ። ስለዚህ ልጻፈው። ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ሩቅ ነው።» ከቶኪዮ በፈጣኑ ባቡር በሺንካንሰን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መስመሩ ካናዛዋ ከገባ ከ2015 ጀምሮ ሩቅ መባሉ ቀርቷል።

«ውድ ነው።» ኬንሮኩኤን የሚባለው ትልቁ የአትክልት ቦታ እኔ ስሄድ መግቢያው 320 የን ነበር። ማለዳ፣ ከመደበኛው ሰዓት በፊት ከገባችሁ ደግሞ በነፃ ነው። መደበኛው ሰዓት ሳይደርስ መውጣት ብቻ ነው ግዴታችሁ።

«ቋንቋ ካልቻልሽ ትጠፊያለሽ።» አትጠፉም። የአውቶቡስ ማቆሚያዎቹ ስም በእንግሊዝኛም ተጽፏል። ደግሞም ከአትክልቱ በአንዱ በር ወጥታችሁ መንገድ ስትሻገሩ የከተማው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ፊት ለፊታችሁ ነው።

«ሳኩራ (የቼሪ ዛፉ) ካላበበ ምን ይታያል?» ይሄኛው ያናድደኛል። እኔ የሄድኩት በኅዳር ነው፤ አንድም አበባ አልነበረም። አትክልተኞቹ ትልልቆቹን ጥዶች ለክረምት ሲያዘጋጁ አገኘኋቸው። የአካባቢው በረዶ እርጥብና ከባድ ስለሆነ ቅርንጫፍ ይሰብራል። ስለዚህ ከዛፉ በላይ ረጅም ምሰሶ ያቆማሉ፤ ከምሰሶው ጫፍ ገመድ እያወረዱ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ያንጠለጥላሉ። ከሩቅ ሲታይ ገና ሣር ያልለበሰ የጎጆ ጣሪያ ይመስላል። ሥራው በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ይጀመራል። አበባ ብቻ ብሎ የሄደ ሰው ይህን አያየውም።

«ሁሉም ያው ቤተ መቅደስ ነው።» በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ቦታዎችን በአንድ ስም ስለምንጠራ ነው። ጂንጃ የጃፓኖች ነባር እምነት የሆነው የሺንቶ ነው፤ መግቢያው ላይ ቶሪ የሚባለው በር ይቆማል። ቴራ የቡድሃ ነው። ከተማው መሃል ያለው ኦያማ ጂንጃ ነው፤ የካናዛዋ ገዢ ለነበረው ለማኤዳ ቶሺኢኤ የቆመ። የ1875ቱ ዋና በሩ ሦስት ደርብ ሲሆን አናቱ ላይ እንደ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ያለ ባለቀለም መስታወት አለው። «ሃይማኖትሽስ?» ለሚሉኝም፦ ተዋሕዶ ነኝ። በሩን አየሁ፣ ኩሬውን አየሁ፣ ወጣሁ። ማንም ስገጂ አላለኝም።

አሁን ወደ ሚስኪንነቱ።

እኛ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልን ነው ያደግነው። እኔም ከማዕድ ላይ ሰው ሲጎድል ደስ አይለኝም። ግን ይህን አባባል ወደ ሙዚየም ይዞ መግባት ስህተት ነው። ይህን የምለው ካናዛዋን ሁለቴ ስላየኋት ነው።

መጀመሪያ የሄድነው አምስት ሆነን ነው። አንዱ ራበው፣ አንዷን በረዳት፣ አንዱ ሱቅ ሱቅ አለ። ኬንሮኩኤንን በአርባ ደቂቃ ጨረስነው። በ2004 የተከፈተው ያ ክብ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ሊያንድሮ ኤርሊች የሚባል አርቲስት የሠራው የመዋኛ ገንዳ አለ። እዚያም ፎቶ ተነስተን ወጣን። «በውሃ የተሞላ ገንዳ አየሁ» ብዬ ለስንት ሰው አወራሁ መሰላችሁ!

ሁለተኛ ጊዜ ብቻዬን ገንዳው ጫፍ ላይ ቆምኩ። ዝም ብዬ ሳየው ከታች ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ። ልብሳቸው ደረቅ ነው። ለካ ውሃው ከመስታወት በላይ የተዘረጋ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው ባዶ ክፍል ነው። እጄን አነሳሁላቸው፣ እሳቸውም አነሱ።

ከዚያ በእግሬ ወደ ዲ.ቲ. ሱዙኪ ሙዚየም ሄድኩ። ዜን የሚባለውን የቡድሃ እምነት ዘርፍ ለምዕራቡ ዓለም ላስተዋወቀው ፈላስፋ የተሠራ ነው። አርክቴክቱ ታኒጉቺ ዮሺዮ ናቸው፤ የተከፈተው በ2011። ዕቃው ጥቂት ነው። ዋናው ነገር ዝርግ፣ ጥልቀት የሌለው የውሃ ገንዳ ነው። ቁጭ ብዬ ሳለ ጸጥ ካለው ውሃ መሃል «ጡብ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ክብ ሞገድ ተነስቶ ቀስ እያለ እስከ ዳር መጣና ጠፋ። ቆይቶ ደግሞ ተመለሰ። አጠገቤ ሰው ቢኖር ኖሮ እያወራሁ ያመልጠኝ ነበር።

ምሳስ? ኦሚቾ ገበያ ውስጥ ሩዝ ላይ ዓሣ የሚደረድሩበት ትንሽ ቤት ባንኮኒው ጋ ተቀመጥኩ። በግራም በቀኝም ብቻቸውን የሚበሉ ሰዎች ነበሩ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

ለጓደኛዬ የነገርኳትን ለእናንተም ልድገመው። ሰኞ አትሂዱ፤ ሁለቱም ሙዚየሞች ሰኞ ያርፋሉ። ገንዳው ሥር ለመውረድ ቲኬትና ቀጠሮ ያስፈልጋል፤ አሠራሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ጃንጥላም ያዙ። ካናዛዋዎች «ምሳህን ብትረሳ ጃንጥላህን እንዳትረሳ» ይላሉ፤ እኔ በሄድኩበት ቀንም ከሰዓት በኋላ ዘንቧል።