«ታዝዤ ነው» የሚለው መከላከያ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ እንዲህ ሲል ሰማሁ፦ «ትዕዛዙን የሰጠው ሰው ከተጠየቀ፣ ታዛዡን መክሰስ በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ መቅጣት ነው።» አጠገቡ የነበረው ደግሞ በተቃራኒው ወጣ። «ከኑረምበርግ ወዲህ ‹ታዝዤ ነው› የሚባል ነገር ፍርድ ቤት አይሰማም፤ እሱ ነገር አልቋል» አለ። (ኑረምበርግ ማለቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የናዚ ጀርመን መሪዎች የተዳኙበትን ችሎት ነው።) ሁለቱም ሲናገሩ ትንሽ እንኳን አላመነቱም። ሁለቱም ተሳስተዋል። እንጀራዬ የወንጀል ሕግ ስለሆነ ይህን ክርክር በየአጋጣሚው እሰማዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አልፈዋለሁ፤ ይሄኛውን ግን ማለፍ አቃተኝ።

ትርጉሙ አጭር ነው። በወንጀል የተከሰሰ ሰው «ያደረግኩት መንግሥት ወይም አለቃዬ ስላዘዘኝ ነው፤ ስለዚህ ልጠየቅ አይገባም» ሲል የሚያቀርበው መከራከሪያ ነው። ወታደር ሊያነሳው ይችላል። ፖሊስም፣ የእስር ቤት ጠባቂም፣ ወረቀት ላይ ፊርማ ብቻ ያኖረ የቢሮ ሰውም እንዲሁ። ችግሩ ትርጉሙ ላይ አይደለም። ሰዎች ስለ ተጠያቂነት በጭንቅላታቸው የያዙት ሥዕል ላይ ነው።

ለብዙዎች ተጠያቂነት መጠኑ የተወሰነ ነገር ይመስላቸዋል። አለቃው ሙሉውን ከወሰደ ለበታቹ አይተርፍም። የበታቹ ከተፈረደበት ደግሞ አለቃው ቀለል ይልለታል። ክርክሩ ሁሉ «ማን ይውሰደው?» ይሆናል።

እስቲ በሻማ አስቡት። ከአንድ ሻማ ሌላ ሻማ ብትለኩሱ የመጀመሪያው እሳት አይቀንስም። ሁለተኛውም ግማሽ እሳት አይዝም። አሥር ለኩሱ፣ መቶ ለኩሱ፤ እያንዳንዱ ሙሉ እሳት ይዞ ይነድዳል። ተጠያቂነትም ከአዛዥ ወደ ታዛዥ የሚሄደው እንደዚሁ ነው። ያዘዘው በማዘዙ ይጠየቃል። በመሀል ሆኖ ያስተላለፈው በማስተላለፉ፣ የፈጸመው በመፈጸሙ። ሕግ የሚከለክለው አንድን ሰው በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ መቅጣትን ነው። ሁለት ሰዎችን እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው ድርጊት መቅጣት ሌላ ነገር ነው። ተንታኛችን እነዚህን ሁለቱን አምታቷቸዋል።

(ሙሉ ተጠያቂነት ማለት ግን እኩል ቅጣት ማለት አይደለም። ጥፋተኛ ነው ወይ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ስንት ዓመት ይታሰር የሚለው ሌላ። ይህን ሳልናገር ባልፍ የሙያ ባልደረቦቼ አይምሩኝም።)

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይላል ተረቱ። የብዙ አገር ሕግም ለረጅም ዘመን እንዲሁ ነበር፤ የአገር መሪ አይከሰስም። በዚህ ላይ «ወታደር መታዘዝ ግዴታው ነው» የሚለውን ጨምሩበት። ላይ ያለው በሥልጣኑ፣ ታች ያለው በመታዘዙ ነጻ ይወጣል። በመሀል በሺህ የሚቆጠር ሰው ሞቶ ገዳይ የሚባል ሰው አይገኝም። የ1945ቱ የኑረምበርግ ቻርተር፣ ማለትም የችሎቱ መቋቋሚያ ሰነድ፣ የዘጋው ይህንን ቀዳዳ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የዘጋውም ከሁለቱም ጫፍ ነው። አንቀጽ 7 ሥልጣን ከተጠያቂነት አያድንም አለ። አንቀጽ 8 ደግሞ ትዕዛዝ አያድንም አለ። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው 8ን ነው። 7 ባይኖር ግን 8 ብቻውን ትንንሾቹን መቅጫ ይሆን ነበር። ችሎቱም በ1946 ፍርዱ ወንጀል የሚፈጽሙት ሰዎች እንጂ ረቂቅ አካላት እንዳልሆኑ በግልጽ ጽፏል። «መንግሥት ነው ያደረገው» የሚለው አነጋገር ያን ቀን ዋጋውን አጣ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ተናጋሪ ልምጣ። አንቀጽ 8ን አንብቦት ቢሆን ኖሮ «አይሰማም» አይልም ነበር። አንቀጹ የሚለው ሁለት ነገር ነው። ትዕዛዝ ከተጠያቂነት ነጻ አያወጣም። ችሎቱ ፍትሕ ይህን ይጠይቃል ብሎ ካመነ ግን ቅጣት ማቅለያ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ይሰማል፤ የሚሰማው ግን ለሌላ ዓላማ ነው።

ነገሩ በኑረምበርግ የተጀመረ የሚመስለውም ሰው ብዙ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1921 በጀርመኗ ላይፕዚግ ሁለት ጉዳዮች ታይተዋል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሁለቱም የሆስፒታል መርከብ ስለመስጠም ናቸው። ፍርድ ቤቱ አንድ ነው፤ ዓመቱም አንድ ነው። በመጀመሪያው ጉዳይ «ዶቨር ካስል» የተባለችውን መርከብ ያሰጠመው የሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ነጻ ወጣ። ጠላት የሆስፒታል መርከቦችን ለጦር ሥራ እያዋለ ነው ተብሎ ከበላይ ትዕዛዝ ወርዶ ነበር፤ እሱም ትዕዛዙ ሕጋዊ ነው ብሎ አምኗል ተባለ። በሁለተኛው ግን «ላንዶቨሪ ካስል» ከሰጠመች በኋላ በነፍስ አድን ጀልባ ላይ በነበሩት ሰዎች ላይ ተተኮሰ። የሰርጓጁ አዛዥ አልተገኘም። ሁለት መኮንኖቹ «ታዘዝን» አሉ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። ጀልባ ላይ ያለ መከላከያ የሌለው ሰው መግደል ወንጀል መሆኑን ማንም ያውቃል ብሎ እያንዳንዳቸውን በ4 ዓመት እስራት ቀጣ። (በኋላ ሁለቱም ከእስር አመለጡ፤ የላይፕዚግ ችሎቶች በአፈጻጸም አይመሰገኑም።)

ዛሬ ድረስ የምንጠቀምበት መለኪያ ከሞላ ጎደል እዚያ ውስጥ አለ። በ1998 የተፈረመውና ከ2002 ጀምሮ የጸናው የሮም ስምምነት፣ ማለትም የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት መቋቋሚያ፣ በአንቀጽ 33 መከላከያውን በጠባብ በር መልሶ አስገብቶታል። ታዛዡ በሕግ የመታዘዝ ግዴታ ሊኖርበት ይገባል። ትዕዛዙ ሕገወጥ መሆኑን ያላወቀ መሆን አለበት። ትዕዛዙም በግልጽ ሕገወጥ የሆነ መሆን የለበትም። ሦስቱ በአንድነት ካልተሟሉ መከላከያው አይሠራም። በዚያ ላይ ዘር የማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ ወንጀል የመፈጸም ትዕዛዝ ምንጊዜም በግልጽ ሕገወጥ ነው ይላል። ስለዚህ በሩ በተግባር ክፍት የሆነው በዋናነት ለጦር ወንጀል ክስ ነው። በዚህ የማይስማሙ የሕግ ሰዎች አሉ፤ ከኑረምበርግ ወደ ኋላ መመለስ ነው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ያላወቀንና ሊያውቅ የማይችልን ሰው መቅጣት ምን እንደሚጠቅም አይታየኝም።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይመጣል። «ታዲያ ተራ ወታደር እያንዳንዱን ትዕዛዝ እየመረመረ ሊኖር ነው? እንዲህ ያለ ሠራዊት ውሎ ያድራል?» ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ነገር ግን ሕጉ ከወታደሩ የሚጠብቀው በጣም ጥቂት ነው። የሕግ መጽሐፍ ገልጦ እንዲያነብ አይጠይቅም። ዓይን ያለው ሁሉ የሚያየውን እንዲያይ ብቻ ነው። በጥቅምት 1956 በከፍር ቃሲም መንደር የእስራኤል የድንበር ፖሊሶች ከሰዓት እላፊ በኋላ ውጭ የተገኘውን ሁሉ ግደሉ ተብለው፣ የሰዓት እላፊው መቅደሙን ሳያውቁ ከእርሻ የሚመለሱ ገበሬዎችን ገደሉ። ሕፃናትና ሴቶችም ነበሩበት። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ባለው ትዕዛዝ ላይ «የተከለከለ» የሚል ጥቁር ባንዲራ ይውለበለባል አለ። አገላለጹ ከዚያ ወዲህ በየመማሪያ መጽሐፉ ይጠቀሳል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ያው ትዕዛዝ ለአካባቢው ሌሎች መንደሮችም ወርዶ ነበር። እዚያ የነበሩት የበታች አዛዦች ግን ገበሬዎቹን ወደ ቤታቸው አስገቧቸው። ሠራዊቱም አልፈረሰም።

እዚህ ጋ የሻማው ምሳሌ ይሰበራል። መሰበሩንም እፈልገዋለሁ። ሻማ ሲለኩሱት እምቢ አይልም። ሰው ይላል። «ታዝዤ ነው» የሚለው ሰው በሌላ አነጋገር «እኔ በሰዓቱ ሰው አልነበርኩም፤ መሣሪያ ነበርኩ» እያለ ነው። ሕግ ይህን አይቀበልም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጭካኔ ያየዋል። ለእኔ ግን አክብሮት ነው። በክስ ወረቀት ላይ የሚጻፈው የሰውየው ስም ነው፤ ማዕረጉ ቢጠቀስ እንኳ የሚከሰሰው ማዕረጉ አይደለም። ደንብ ልብሱን ለብሶ ያደረገውን ሲያወልቀው እዚያው ትቶት ሊሄድ አይችልም።

በዚህ ጊዜ ተንታኙ የሚልግራምን ሙከራ ያነሳል። ሁሌም ያነሱታል። «ሰው ሁሉ እኮ ይታዘዛል፤ በሳይንስ ተረጋግጧል!» እሺ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዬል ዩኒቨርሲቲ በተደረገው በዚያ ሙከራ ተሳታፊዎቹ መልስ ለሳተ ሌላ ሰው እየጨመረ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲሰጡ ታዘው፣ ከ40 ሰዎች 26ቱ እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ድረስ ሄደዋል። ኤሌክትሪኩ የውሸት ነበር፤ እነሱ ግን የእውነት መስሏቸዋል። ቀሪዎቹ 14 የት ሄዱ? ከዚያ በኋላ በተደረገ አንድ ሌላ ዓይነት ሙከራ ደግሞ አብረው የተቀመጡ ሁለት ሰዎች እምቢ ሲሉ እስከ መጨረሻው የሄዱት ከ40ው 4 ብቻ ሆኑ። ሙከራው ሰው ለምን እንደሚታዘዝ ያስረዳል። ማስረዳትና ነጻ ማውጣት ግን አንድ አይደሉም። ሌባ ለምን እንደሚሰርቅ የሚያስረዳ ጥናትም ሞልቷል።

ሌላው በጣም የሚያበሳጨኝ ትዕዛዝን ከመገደድ ጋር መቀላቀል ነው። «ባይታዘዝ ይገደል ነበር» የሚለው ፈጽሞ ሌላ መከራከሪያ ነው። ትዕዛዝ ያለ ዛቻ ሊኖር ይችላል፤ ዛቻም ያለ ትዕዛዝ። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ነገሩ በእውነት ይከብዳል። ድራዘን ኤርዴሞቪች ሐምሌ 1995 በቦስኒያ ጦርነት ከስሬብሬኒካ ከተማ የተያዙ ሰዎችን በአንድ እርሻ ከረሸኑት ወታደሮች አንዱ ነበር። አልተኩስም ስል «እንግዲያው አብረሃቸው ተሰለፍ» ተባልኩ አለ። ጥፋቱን ራሱ አምኖ ቀረበ። የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ወንጀል ችሎት መጀመሪያ 10 ዓመት ፈረደበት። በ1997 የይግባኝ ዳኞች 3 ለ 2 ተከፍለው፣ ንጹሐንን ለገደለ ወታደር መገደድ ሙሉ መከላከያ አይሆንም፤ ቅጣት ያቀላል እንጂ አሉ። በ1998 ቅጣቱ 5 ዓመት ሆነ። በዚያው ዓመት የተፈረመው የሮም ስምምነት ግን ሌላ መንገድ ያዘ። የሞት ዛቻ የተደቀነበት ሰው ሊያስቀር ከፈለገው ጉዳት የባሰ ለማድረስ እስካላሰበ ድረስ መገደድ መከላከያ ሊሆነው ይችላል ይላል። እንግዲህ ዳኞች 3 ለ 2 የተከፈሉበትን ነገር በሁለት ደቂቃ ቃለ መጠይቅ «ግልጽ ነው» ብሎ መጨረስ ምን ይባላል? ሰውየው ባይተኩስ ኖሮ የሚጨመረው የራሱ ሬሳ ነበር፤ የሌሎቹ ዕጣ አይለወጥም። እኔ ራሴ ከየትኛው ወገን እንደምሆን በየጊዜው እለዋወጣለሁ።

በተቃራኒው ጫፍ ደግሞ «ያንን ደንብ ልብስ የለበሰ ሁሉ ወንጀለኛ ነው» የሚሉ አሉ። ከዚያ አንድ እርምጃ አልፈው «የዚያ ወገን ሰው ሁሉ» ይላሉ። ኑረምበርግን እየጠቀሱ ሲሉት ደግሞ ይብሳል። ችሎቱ የናዚዎቹን የታጠቀ ድርጅት ኤስኤስንና ምስጢራዊ ፖሊሳቸውን ጌስታፖን ወንጀለኛ ድርጅት ብሎ ፈርጇል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እዚያው ፍርድ ላይ አባልነት ብቻውን አይበቃም ብሏል። የድርጅቱን የወንጀል ዓላማ ሳያውቁ የገቡትን፣ መንግሥት አስገድዶ ያስገባቸውንም በራሳቸው ወንጀል ካልሠሩ በቀር አወጣቸው። ያውም ስለ ኤስኤስ ነው የምናወራው። የግል ተጠያቂነት አለቃውንም ሎሌውንም እንደሚይዝ ሁሉ፣ ያላደረገውን ሰው ደግሞ በማንነቱ ብቻ ከመያዝ ይጠብቃል። አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም።

የቀረኝ ሳይጠይቁኝ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ስለ ግለሰብ ተጠያቂነት ይህን ሁሉ ስናወራ መንግሥታት ደስ ይላቸዋል፤ «ጥቂት አጥፊዎች ናቸው፤ ለፍርድ አቅርበናል» ብለው መግለጫ ያወጣሉ። የሮም ስምምነት አንቀጽ 25 መጨረሻ ላይ ግን የግለሰብ የወንጀል ተጠያቂነት የመንግሥትን ኃላፊነት እንደማይነካ ተጽፏል። ወታደሩ እስር ቤት መግባቱ መንግሥትን ከካሳ ነጻ አያወጣም። የዚያ ጥያቄ በሌላ መዝገብ፣ ብዙ ጊዜም በሌላ ፍርድ ቤት ነው የሚቀርበው።