«ኤፍኦቢ ጅቡቲ» ሲባል ወጪው የማን ነው?

ሐዋሳ ላይ ልብስ አሰፍተው ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስቡ ሰዎች ውሉ ላይ «ኤፍኦቢ ጅቡቲ» (FOB፣ ዕቃውን መርከብ ላይ ጭኖ ማስረከብ) የሚለውን ሲያዩ የፋብሪካ በር ዋጋ ይመስላቸዋል። አይደለም። ዕቃው ጅቡቲ ላይ መርከቡ ውስጥ እስኪገባ ያለው ወጪ የሻጩ ነው። የጭነት መኪናው፣ የኤክስፖርት ጉምሩክ ሥርዓቱ፣ መርከብ ላይ መጫኑ፣ ሁሉም። መርከቡን የሚመርጠውና የባሕር ጭነቱን የሚከፍለው ገዢው ነው። ኢንሹራንስ? የኤፍኦቢ ደንብ ማንንም አያስገድድም።

ነገሩ የሚከረው ዕቃ ሲበላሽ ነው። መንገድ ላይ ዝናብ ካርቶኑን ካበሰበሰው ኪሳራው የሻጩ ነው። መርከቡ ላይ ከተጫነ በኋላ ከሆነ ግን የገዢው፤ ማሸጊያው ራሱ ደካማ ካልነበረ በቀር።

ኮንቴይነር ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሻጩ ለተርሚናሉ አስረክቦ ይመለሳል፤ ኮንቴይነሩ ግን መርከብ እየጠበቀ ቀናት ሊቀመጥ ይችላል። እጁ ላይ ባይኖርም አደጋው አሁንም የሱ ነው። የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ለኮንቴይነር ጭነት «ኤፍሲኤ» (FCA፣ ዕቃውን ለአጓጓዥ ማስረከብ) የሚለውን የሚመክረው ለዚህ ነው። በሱ ከሄዱ፣ ለምሳሌ ሞጆ ደረቅ ወደብ ብለው ከተስማሙ፣ ዕቃው እዚያ ገዢው ለመረጠው አጓጓዥ ሲሰጥ ኃላፊነቱ ያልፋል። ገዢዎች ከልማድ ኤፍኦቢ ማለታቸውን አልተዉም፤ መደራደር ግን ይቻላል። የትኛውንም ብትመርጡ ከቦታው ስም ቀጥሎ «ኢንኮተርምስ 2020» ብላችሁ አስጽፉ፤ የንግድ ምክር ቤቱ የእነዚህ ቃላት ደንብ የ2020 እትም ማለት ነው።