«ሞተሩ ይውረድ» ከመባሉ በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

300,000 ኪሎ ሜትር ያለፈ ኮሮላ ጋራዥ ሲገባ ፍርዱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በዓይንና በጆሮ ነው። ጨሰ፣ አንኳኳ፣ ዘይት በላ፤ እንግዲህ ይውረድ። አንዳንዴ ፍርዱ ልክ ይሆናል። ነገር ግን ሞተር ሳይፈታ፣ በጥቂት መሣሪያ ተለክቶ የሚታወቅ ነገር ብዙ ነው።

«ሰማያዊ ጭስ ካለ ፋሻው አልቋል»

ፋሻ የሚባለው ፒስተኑን የሚከብበው የብረት ቀለበት ነው። ሰማያዊ ጭስ ግን የሚናገረው ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ብቻ ነው። ዘይቱ ከየት እንደገባ የሚታወቀው ጭሱ በሚወጣበት ሰዓት ነው። ቆሞ ያደረ መኪና ጠዋት ሲነሳ ጨሶ ወዲያው ከጠራ ተጠርጣሪው የቫልቮላ ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይት በቫልቮላው ዘንግ በኩል ወደ ሲሊንደሩ እንዳይወርድ የሚያግደው ጎማ ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል በማርሽ ወርዶ ታች ላይ ቤንዚን ሲሰጠው ቦግ ብሎ የሚወጣ ጭስም ወደዚያው ያመለክታል። ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ያለማቋረጥ የሚጨስ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ፋሻው ይጠጋል። ልዩነቱ የኪስ ጉዳይ ነው፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ሲሊንደሩን በካንዴላው (በእሳት ሰጪው) ቀዳዳ በአየር በመሙላት ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሳይነሳ ጎሚኒው ይቀየራል። ከሁሉም በፊት የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ መደፈኑ ይታይ። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሲደፈን ግን ዘይት ያስበላል።

«ኮምፕሬሽኑ ከመመሪያው በታች ነው፤ አለቀለት»

ኮምፕሬሽን ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩን ሲያምቅ የሚፈጠረው ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ደህና ሞተር ያስፈታው ይህ አባባል ነው። በጥገና መመሪያ ላይ የተጻፈው ቁጥር በባሕር ወለል ደረጃ ላለ አየር ነው። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የዚያን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ጌጁም የሚያነበው በዚያው ልክ ቀንሶ ነው። መመሪያው 180 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚለው ሞተር እዚህ 135 ገደማ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ያው ሞተር ድሬዳዋ ላይ ቢለካ 155 አካባቢ ይሰጣል።

ስለዚህ ከመመሪያው ቁጥር ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይናገራል። ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች ከሆነ ችግር አለ። አለካኩም ወግ አለው። ሞተሩ ይሙቅ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ይውጡ፣ የነዳጁና የእሳቱ መስመር ይቋረጥ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ የቤንዚን ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ይረገጥ። ከዚያ ጌጁ ከፍ ማለቱን እስኪያቆም በሞተሪኖ (በማስነሻው) ይዙር፤ ለሁሉም ሲሊንደር እኩል ጊዜ። ፔዳሉ ሳይረገጥ የተለካ ቁጥር ዋጋ የለውም፤ አየር ያልገባበት ሲሊንደር ምን ሊያምቅ ነው?

ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ በግልጽ ከወጣ ፋሻው ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ ነው፤ ካልወጣ ቫልቮላ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ)። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ ጓርኒሲዮኑ በመካከላቸው ተበልቷል ማለት ይቻላል። ይህ የዘይት ዘዴ ለናፍጣ ሞተር አይሆንም፤ የማመቂያው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ዘይቱ ራሱ ቁጥሩን ያዛባል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል።

የበለጠ ማረጋገጥ የሚፈልግ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ይበቃዋል። ፒስተኑ ሁለቱ ቫልቮላዎች በተዘጉበት የላይኛው ጫፍ ላይ ይሁን፣ ኮሎዶቃው (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ዋናው ዘንግ) እንዳይዞር ይያዝ፣ አየር በካንዴላው ቀዳዳ ይግባ። ከዘይት መሙያው ከተነፈሰ ፋሻ፣ ከማርሚታው ከሆነ የጭስ ቫልቮላ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከወጣ ጓርኒሲዮን ነው። ትንሽ ትንፋሽ ጤነኛ ሞተርም ላይ አለ፤ የሚፈለገው ከሌሎቹ በጣም የሚበልጠው ነው።

«የዘይት መብራቱ እስካልበራ ግፊቱ ደህና ነው»

አይደለም። መብራቱ የሚበራው ግፊቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ነው፤ በብዙ መኪኖች ከ0.5 ባር በታች። ብዙ የቶዮታ ትናንሽ ቤንዚን ሞተሮች ሞቀው በ3,000 ዙር ቢያንስ 2.5 ባር ገደማ መስጠት አለባቸው። 1 ባር ብቻ የሚሰጥ ሞተር መብራቱ ሳይበራ ብሮንዚኑን (ኮሎዶቃው የሚዞርበትን ስስ የብረት መደገፊያ) ይጨርሳል። የግፊት ስዊቹን ፈትቶ በቦታው ጌጅ መግጠም ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። ወፍራም ዘይት መጨመር ቁጥሩን ያስውባል እንጂ የተበላውን አይመልስም፤ መኪና ሲሸጥ ለምን እንደሚወደድ ግልጽ ነው።

«ካንኳኳ ቢዬላ ነው»

ቢዬላ ፒስተኑን ከኮሎዶቃው ጋር የሚያገናኘው ክንድ ነው። ሲቀዘቅዝ አንኳክቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ ፒስተኑ ግድግዳውን ሲመታ ነው፤ በዚያ ዓመታት የሄዱ መኪኖች አሉ። ከላይ የሚሰማ ቀጭን ቲክቲክታ የቫልቮላ ክፍተት ሊሆን ይችላል። ወፈር ያለውና ሲሞቅ የሚብሰው ነው የሚያስፈራው። የሲሊንደሮቹን እሳት አንድ በአንድ ለአጭር ጊዜ ማቋረጥ፤ አንዱ ሲቋረጥ ድምፁ በግልጽ ከቀነሰ የዚያ ሲሊንደር ቢዬላ ብሮንዚን ነው።

«የዘይት ክዳኑ ላይ ነጭ ቅባት ካለ ውሃ ገብቷል»

አጭር ርቀት ብቻ የሚነዳ መኪና በክረምት ክዳኑ ላይ እርጥበት ያጠራቅማል። መታየት ያለበት የመለኪያው ዘንግና ከታች የሚፈሰው ዘይት ነው። እነሱም ወተት ከመሰሉ፣ የራዲያተሩ ውሃም እየጎደለ ከሆነ፣ ያኔ እውነት ነው።

«ዘይቱ ጠቁሯል፤ ሞተሩ ተጎድቷል»

ጥቁረት ብቻውን ምንም አያሳይም፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ይጠቁራል። የሚያሳየው አሮጌው ፊልትሮ ነው። ቆርጦ ከፍቶ ወረቀቱን ነጭ ጨርቅ ላይ መዘርጋትና ማግኔት ማስጠጋት። የሚሳበው ብረት ነው፤ ከፋሻ፣ ከሲሊንደር ወይም ከኮሎዶቃ። የማይሳብ ብርማ ብናኝ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ቀላ ያለ ከሆነ የብሮንዚኑ የላይኛው ሽፋን አልቆ ከሥሩ ያለው መዳብ መውጣት ጀምሯል ማለት ነው፤ ያን መኪና ከዚያ ወዲያ ማስነሳት አያስፈልግም። ኮፓው (ከታች ያለው የዘይት ገንዳ) ይውረድና ብሮንዚኑ ይታይ። ኮሎዶቃው ካልተጫረና ልኩን ከጠበቀ በስታንዳርድ ብሮንዚን ይተርፋል፤ ከተጫረ ኮሎዶቃው በ0.25 ሚሊ ሜትር እንዲያንስ ተወልውሎ ለዚያ ልክ የተሠራ ወፈር ያለ ብሮንዚን መግጠም ይጠይቃል፣ ለዚያ ደግሞ ሞተሩ የግድ ይወርዳል።