አሬኒግ ቫውር፦ ሰው የማይበዛበት የዌልስ ተራራ

ሰሜን ዌልስ ሄዶ ተራራ መውጣት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያመራው ወደ ስኖውደን ነው። በበጋ ቅዳሜ እዚያ ጫፍ ላይ ፎቶ ለመነሳት ወረፋ አለ። ባቡር ሳይቀር ይወጣል። ከባላ ከተማ በስተምዕራብ ያለው አሬኒግ ቫውር ግን ጭር ያለ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሄዱ ውለው ከበግ በስተቀር ምንም ላያዩ ይችላሉ።

ከፍታው 854 ሜትር ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ አበሻ “ይሄማ ቆላ ነው” ሊል ይችላል። እንዳይሸወድ። ዌልስ ከምድር ወገብ በጣም ሩቅ ናት፤ ነፋሱና ዝናቡም ከአትላንቲክ በኩል በቀጥታ ይመጣሉ። በሐምሌም ቢሆን ጫፉ ላይ ጃኬት ያስፈልጋል።

የተለመደው መንገድ የሚነሳው ከተራራው በስተሰሜን ከሚያልፈው ጠባብ የመኪና መንገድ ነው። ዛሬ ጸጥ ያለው ይህ ሸለቆ በፊት የባቡር ጣቢያና ትልቅ የድንጋይ ካባ ነበረው። ባቡሩ መንገደኛ ማጓጓዝ ያቆመው በ1960 ነው (ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከመንገዱ ተነስቶ በግጦሽ መሬት የሚያልፍ ቀላል መንገድ ሊን አሬኒግ ቫውር ወደተባለው ሐይቅ ያደርሳል። ከግድቡ አጠገብ ለተጓዥ ክፍት የሆነች የድንጋይ ጎጆ አለች። ዝናብ ከመጣ እዚያ መጠለል ነው።

ከሐይቁ በኋላ ነገሩ ይከብዳል። ዳገቱ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ረግረግና ቁጥቋጦ ይከተላል። መንገዱም አንዳንዴ ይጠፋል። ደመና ሲወርድ ያለ ካርታና ኮምፓስ መሄድ ድፍረት ሳይሆን ሞኝነት ነው።

ጫፉ ላይ የተከመረ ድንጋይና የመታሰቢያ ጽሑፍ አለ። ነሐሴ 4 ቀን 1943 የአሜሪካ ቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሌሊት በልምምድ በረራ ላይ ሳለ ተራራውን መታ። የተሳፈሩት 8 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ስብርባሪው ዛሬም እዚህም እዚያም ይታያል። ማስታወሻ ይሆናል ብሎ ኪስ ውስጥ መክተት ነውር ነው።

በ1911 እና በ1912 ሠዓሊዎቹ ጄምስ ዲክሰን ኢንስና ኦገስተስ ጆን ተራራው ሥር ጎጆ ይዘው ይሥሉ ነበር። ኢንስ በተለይ አሬኒግ ቫውርን ደጋግሞ ሥሎታል። የሚወዳት ሴት የጻፈችለትን ደብዳቤዎች በብር ሣጥን አድርጎ ጫፉ ላይ ቀበራቸው ይባላል። በሳንባ ነቀርሳ የሞተው በ1914፣ ገና በ27 ዓመቱ ነው።

አየሩ ጥርት ሲል ስኖውደንና ካደር ኢድሪስ ይታያሉ። እኔ ግን ወደ ታች፣ ወደ ሊን ኬሊን ማየት ይበልጣል ባይ ነኝ። ይህ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ሥሩ ካፔል ኬሊን የምትባል፣ ዌልስኛ ብቻ የሚነገርባት ለማለት የምታስደፍር መንደር ነበረች። የእንግሊዟ ሊቨርፑል ከተማ ውኃ ስለፈለገች የብሪታኒያ ፓርላማ በ1957 ሕግ አወጣላት። ከዌልስ ተመራጮች አንድም ሰው ሕጉን ደግፎ ድምፅ አልሰጠም። ግን አለፈ። በ1965 ግድቡ ሲመረቅ ቤተ ጸሎቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ፖስታ ቤቱና እርሻው ሁሉ ውኃ ውስጥ ነበር። የሊቨርፑል ምክር ቤት በ2005 ይቅርታ ጠየቀ። “ኮቪዩች ድሪወሪን”፣ ማለትም “ትሪወሪንን አስታውሱ” (ትሪወሪን በውኃ የተዋጠው ሸለቆ ስም ነው) የሚለው ጽሑፍ ዛሬም በየግድግዳው ይታያል። በድርቅ ዓመት ውኃው ሲሸሽ የመንደሩ ፍርስራሽ ብቅ ይላል።

ደርሶ መልስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። ሰኔ ላይ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ብርሃን ስላለ ጥድፊያ የለም። የረግረጉን ውኃ የሚችል ጫማ ግን ግድ ነው። የበግ ግቢ በር ከፍቶ ያለፈ ሰው መልሶ ይዝጋ። ሥሩ ሱቅም ካፌም ስለሌለ ምሳ ከባላ መያዝ ያስፈልጋል።