ጃፓኖች «ሥራ ስለሚወዱ» አይደለም የሚሞቱት

እኛ ጋ ጃፓን ሲነሳ ካይዘን፣ ማለትም ሥራን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል ዘዴ፣ ይከተላል። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሥልጠናው ስንት ፋብሪካና መሥሪያ ቤት ገባ። አብሮት የገባ ወሬም አለ፤ ጃፓናዊ እስኪሞት ይሠራል የሚል። የማጋነን አነጋገር ይመስለናል እንጂ ሰዎቹ ለነገሩ ስም አውጥተውለታል፦ ካሮሺ። ከሥራ ብዛት የሚመጣ ሞት ማለት ነው። ወሬው ላይ ግን ብዙ ስህተት አለ።

«ሥራ ስለሚወዱ ነው፣ ባህላቸው ነው»

ይቺ ለአሠሪ የምትመች ንግግር ናት። በ2002 አንድ የ30 ዓመት ወጣት፣ የቶዮታ ጥራት ተቆጣጣሪ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት አልፎ እዚያው ሥራ ቦታው ላይ ወድቆ ሞተ። በመጨረሻው ወር ከመደበኛው ሰዓት በላይ ከ106 ሰዓት የበለጠ ሠርቷል። ሚስቱ የካሳ ጥያቄ ስታቀርብ የመንግሥት ቢሮው ውድቅ አደረገባት። ክርክሩ ምን ላይ ነበር መሰላችሁ? ከሥራ በኋላ የሚደረጉት የጥራት ቡድን ስብሰባዎችና የማሻሻያ ሐሳብ ማዘጋጀት «በፈቃደኝነት የሚደረጉ» ስለሆኑ ሥራ ተብለው አይቆጠሩም ነው የተባለው። በሌላ አነጋገር እኛ ካይዘን ብለን የምንሠለጥነው ነገር! በ2007 የናጎያ ፍርድ ቤት ይሄም ሥራ ነው ብሎ ፈረደላት። ሁሉም ሰው የሚገባበት ስብሰባ ላይ አንተ ብቻህን ቦርሳህን አንስተህ ውጣ እስቲ።

«ሳቢሱ ዛንግዮ» የሚሉትም አለ። ተሠርቶ የማይከፈልበት ኦቨርታይም ነው። በ2017 መንግሥት የወሩ የመጨረሻ አርብ ሠራተኛው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እንዲወጣ ዘመቻ ከፍቶ ነበር። የወር መጨረሻ፣ ሒሳብ በሚዘጋበት ሰሞን! ብዙም ሳይቆይ ተረሳ።

«ከዓለም ረጅም ሰዓት የሚሠሩት እነሱ ናቸው»

በአማካይ ከሄድን አይደሉም። አንድ ጃፓናዊ በዓመት 1,600 ሰዓት ገደማ ይሠራል፣ አሜሪካዊው 1,800 ገደማ። አማካይ ግን ያታልላል። ከአሥር ተቀጣሪ ወደ አራት የሚጠጉት ቋሚ አይደሉም፤ ብዙዎቹ በቀን የተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው የሚሠሩት። የእነሱ ሰዓት ከቋሚው ጋር ሲደመር ቁጥሩ ይወርዳል፣ ቋሚው ሰውዬ ግን ቢሮው ውስጥ እንደተቀመጠ ነው።

«የሚገድለው ሰዓቱ ብቻ ነው»

ሰዓቱ መግደሉማ ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እንዳወጡት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ 35 በመቶ ይበልጣል። እንቅልፍ ይጠፋል፣ ደም ግፊት ይወጣል። ጃፓኖች ሕመሙ ከሥራ የመጣ ነው ለማለት መለኪያም አበጅተዋል፤ ሠራተኛው ከመውደቁ በፊት በነበረው አንድ ወር 100 ሰዓት፣ ወይም ከሁለት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ በአማካይ በወር 80 ሰዓት ኦቨርታይም። «የካሮሺ መስመር» ይሉታል።

ግን በ2023 የበጀት ዓመት ከሥራ የመጣ የአእምሮ ሕመም ተብሎ ለካሳ የጸደቀው ከ800 በላይ ሲሆን የልብና የአንጎል ሕመም 200 ገደማ ነው። ከአእምሮ ሕመሙ መንስኤዎች ፊት የሚመጣው ደግሞ «ፓዋሀራ» ነው። አለቃ በሥልጣኑ ሠራተኛውን ሲያዋርድ፣ ሰው ፊት ሲጮህበት፣ ሆን ብሎ ሲያገልለው ማለት ነው። በ2020 አሠሪዎች ይህን እንዲከላከሉ የሚያስገድድ ሕግ ሥራ ላይ ውሏል።

«አለቃ የሆነ ተረፈ»

እኔን በጣም የገረመኝ ይሄ ነው። በእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተደረጉት ታዋቂ ጥናቶች ያሳዩት ማዕረግህ ዝቅ ባለ ቁጥር ቶሎ የመሞት ዕድልህ እንደሚጨምር ነው። ሥራህ ላይ ማዘዝ አትችልም፣ ጭንቀቱ ግን አንተው ላይ ነው። ጃፓን ላይ ይሄ ሥዕል ተገለበጠ። የ1990ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ከመጣ በኋላ፣ ከ1980 እስከ 2005 የነበረውን የወንዶች ሞት በሥራ ዓይነት ያጠኑ ተመራማሪዎች ሌላው ሠራተኛ ላይ ሞት እየቀነሰ ሳለ ሥራ አስኪያጆችና ባለሙያዎች ላይ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲወጣ አገኙ። ራስን ማጥፋትም እንዲሁ። በሀገር ደረጃ ራሳቸውን የሚያጠፉት በ1998 በዓመት ከ30,000 በላይ ሆኑ፤ እስከ 2011 ድረስም ከዚያ በታች አልወረዱም።

ለምን? ኩባንያው ሰው ይቀንሳል፣ የቀረውን ሥራ መካከለኛው አለቃ ይሸከማል። የሚያባርረውም እሱ፣ ከላይ የሚሰደበውም እሱ። ሕጉ ደግሞ ሥራ አስኪያጅ ለሚባል ሰው ኦቨርታይም መክፈል ግዴታ አይደለም ይላል። ስለዚህ ማዕረጉን ሰጥተው ክፍያውን መቁረጥ ተለመደ። «ስሙን ብቻ አለቃ» ይሏቸዋል። አንድ የማክዶናልድስ ጃፓን ሱቅ ኃላፊ ከሶ፣ በጥር 2008 የቶኪዮ ፍርድ ቤት ይሄ ሰው በሕጉ ትርጉም ሥራ አስኪያጅ አይደለም አለና ወደ 7.5 ሚሊዮን የን እንዲከፈለው ወሰነ።

«ጊዜያዊው ቢያንስ ሰላም አለው»

ሰላሙ የቱ ነው? ኮንትራቱ ይታደስ አይታደስ አያውቅም። ቋሚው ሠራተኛ በሕግ በየዓመቱ የጤና ምርመራ አለው፣ ከ40 ዓመት በላይ ከሆነ ወገቡ ሳይቀር በሜትር ይለካል (ወንድ 85 ሴንቲ ከደረሰና እንደ ደም ግፊት ያለ ሌላ ስጋትም ካለበት ምክር ይጀመራል)። ሰዓቱ ከቋሚው ሦስት አራተኛ በታች የሆነን ሠራተኛ ግን አሠሪው የማስመርመር ግዴታ የለበትም። ከሴት ተቀጣሪዎች ግማሽ ያህሉ ቋሚ አይደሉም።

«አሁን ሕግ ወጥቷል፣ አልቋል»

እውነት ነው፣ ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ ኦቨርታይም ጣሪያ አለው። በመርሕ ደረጃ በወር 45 ሰዓት፣ ሥራ በጣም ሲበዛ በዓመት እስከ 720። የከባድ መኪና ሾፌሮችና ሐኪሞች ግን እስከ 2024 ጊዜ ተሰጣቸው፣ ሲደርስም ጣሪያቸው 960 ሆነ። ለ12 ወር አካፍሉት፤ 80 ይመጣል። የካሮሺው መስመር ላይ ማለት ነው። በአንዳንድ ሆስፒታሎች ደግሞ ሐኪሙ በልዩ ፈቃድ እስከ 1,860 ይሠራል፣ በወር 155። ለአካባቢ የድንገተኛ ሕክምና ተብሎ የተሰጠው ፈቃድ በ2035 የበጀት ዓመት መጨረሻ ላይ እንዲቀር ነው የታሰበው።