በጅማ ዘግይተው ልጅ ለሚፈልጉ ሴቶች ያሉ የሕክምና አማራጮች

ጅማ ውስጥ ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ልጅ የሚፈልጉ ሴቶች ታሪካቸው ይለያያል። ትምህርትና ሥራ ይዟቸው የቆዩ አሉ። ታናናሾቻቸውን አስተምረው ለወግ ማዕረግ ሲያበቁ የራሳቸው ጊዜ ያለፈባቸው አሉ። አረብ አገር ዓመታት ሠርተው ተመልሰው በ36 እና በ38 ዓመታቸው ጎጆ የወጡም አሉ። ሁሉንም የሚያስቸኩላቸው ግን አንድ ነገር ነው፤ እንቁላል።

ሴት ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን እንቁላል ይዛ ነው የምትወለደው፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመር የለም። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300,000 እስከ 400,000 ይቀራታል፣ በ37 ዓመቷ ደግሞ ወደ 25,000 ገደማ። የቀረውም ቢሆን እንደ ቀድሞው ጤነኛ አይደለም። በ30 ዓመቷ በየወሩ የማርገዝ ዕድሏ 20 በመቶ ገደማ የነበረ ሴት 40 ስትሞላ ወደ 5 በመቶ ትወርዳለች። ፅንስ የመጨንገፉ ነገርም ይጨምራል። የአእምሮ ዕድገትን የሚያዘገየው ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ የመወለዱ ዕድል በ35 ዓመት ከ350 አንድ ገደማ ሲሆን በ40 ከ100 አንድ ይሆናል።

ስለዚህ ሐኪሞች ከ35 በታች ላለች ሴት አንድ ዓመት ሞክሪ ሲሉ፣ 35 ላለፈች 6 ወር ብቻ ይሰጣሉ። 40 የሞላት ሳትጠብቅ ትመርመር። በተግባር ግን ጊዜው የሚባክነው ካርድ ከመውጣቱ በፊት ነው። «ማህፀንሽ ብርድ ገብቶበታል» ተብሎ ወራት መታሸት፣ የማይታወቅ ሥር መጠጣት አለ። ፀበሉም ዱአውም ከሐኪም ቤት ካርድ ጋር አይጣሉም፤ ሆድ መታሸትና ምንነቱ ያልታወቀ መድኃኒት ግን ይጣላሉ።

መጀመሪያ መመርመር ያለበት፣ ብዙ ጊዜ ግን መጨረሻ የሚመጣው፣ ባል ነው። ልጅ ካጡ ጥንዶች ግማሽ በሚጠጉት ውስጥ የወንዱም ድርሻ አለበት። «እኔማ ወልጃለሁ» የሚለው መልስ አይሠራም፤ ከ10 ዓመት በፊት የወለደ ሰው ዛሬ የዘር ፈሳሹ ሊደክም ይችላል። ምርመራው ቀላልና ከሌሎቹ ርካሽ ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ ናሙና መስጠት ብቻ ነው። ናሙናው ቤት ውስጥ ከተሰጠ በ1 ሰዓት ውስጥ፣ እንዳይቀዘቅዝ ሰውነት ላይ ተለጥፎ፣ ላብራቶሪ መድረስ አለበት። ጫት የሚያዘወትር ባል ለጊዜው ቢተወው ይሻለዋል፤ የዘር ፈሳሽን ጥራት ሊቀንስ እንደሚችል የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ።

የሴቷ ምርመራ የወር አበባዋን ተከትሎ ይሄዳል። በወር አበባ 2ኛ ወይም 3ኛ ቀን ኤፍ ኤስ ኤች የሚባለው ሆርሞን ይለካል። ኤ ኤም ኤች የሚባለው ሌላ ሆርሞን ግን በማንኛውም ቀን መታየት ይችላል፤ አልትራሳውንድ ከዚህ ጋር ተደምሮ ምን ያህል እንቁላል እንደቀረ ይገመታል። እንቅርት በብዛት ባለበት አገር የታይሮይድ ምርመራም አይዘለልም። ከሁሉ የሚፈራው የቱቦ ራጅ ነው። የወር አበባ እንደቆመ፣ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ይሠራል። በማህፀን በር በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ ቀለም ይረጫል፤ ቀለሙ በሁለቱም የማህፀን ቱቦዎች አልፎ ሆድ ውስጥ ሲፈስ በራጁ ላይ ይታያል። የወር አበባ ቁርጠት የሚመስል ሕመም አለው፣ ግን ደቂቃዎች ነው። በአፍሪካ የቱቦ መዘጋት ከዋና ዋናዎቹ የመውለድ ችግሮች አንዱ ስለሆነ ይህን ምርመራ መዝለል አይገባም። መንስኤው ብዙ ጊዜ ሳይታከም የቆየ የአባላዘር ኢንፌክሽን፣ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ የመጣ ኢንፌክሽን፣ አንዳንዴም የማህፀን ቲቢ ነው።

እስከዚህ ያለው አብዛኛው ነገር ጅማ ላይ ይጀመራል። ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዋናው የሪፈራል ቦታ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው፤ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞችም እዚያ አሉ።

እንቁላል የሚያስወጡት ክኒኖች ክሎሚፊንና ሌትሮዞል በወር 5 ቀን ይዋጣሉ። የሚጠቅሙት የወር አበባዋ ለሚዛባባት ሴት ነው። ሳይዛባባት 41 ዓመት የሞላት ሴት ከፋርማሲ በየወሩ እየገዛች ብትውጥ ጥቅሙ እጅግ ትንሽ ነው፣ ቱቦዋ ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ምንም። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ሴትዮዋ «ሕክምና ላይ ነኝ» እያለች ዓመት ያልፋል። ማዮማ (የማህፀን እጢ) በአልትራሳውንድ ታየ ማለትም ኦፕራሲዮን ማለት አይደለም። ወደ ማህፀን ውስጠኛው ክፍል የገባው እንዲወጣ ይመከራል፣ ውጭ ላይ ያለ ትንሽ ማዮማ ግን እርግዝና አይከለክልም።

የባልን ዘር አጥቦ በቀጭን ቱቦ ማህፀን ውስጥ የማስገባቱ ሕክምና ቢያንስ አንድ ክፍት ቱቦ ይፈልጋል። ከ40 በኋላ በአንድ ሙከራ የሚሰጠው ዕድል ጥቂት በመቶ ብቻ ነው።

የቀረው አይ ቪ ኤፍ ነው፤ እንቁላልና ዘርን ከሰውነት ውጭ አገናኝቶ ፅንሱን ማህፀን ውስጥ ማስገባት። በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ልጅ የተወለደችው በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ በኢትዮጵያ የመንግሥት ማዕከል የተከፈተው ደግሞ አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. በ2019። የግል ክሊኒኮችም እዚያው አዲስ አበባ አሉ። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሕክምናው ከ8 እስከ 14 ቀን በየቀኑ መርፌ አለው፤ በመካከሉ ተደጋጋሚ አልትራሳውንድ፣ ከዚያ እንቁላል መቅዳት፣ ከዘር ጋር ማገናኘት፣ ከ3 ወይም ከ5 ቀን በኋላ ፅንሱን ማህፀን ውስጥ ማስገባት። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ያህል ዘመድ ቤት ማረፍ፣ ለምን እንደመጡ ሳይናገሩ መሰንበት አለ። ከመርፌዎቹ ብዙዎቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋሉ። በአውቶቡስ የሚይዙት ሰዎች በረዶ ባለበት ፔርሙዝ ያደርጉታል፤ በረዶው መድኃኒቱን በቀጥታ እንዳይነካ በጨርቅ መጠቅለል አለበት፣ መድኃኒቱ በረዶ ከሠራ ይበላሻልና።

ገንዘቡ ቡና ተሸጦ፣ ዘመድ ተጨምሮ የሚሰበሰብ ስለሆነ ዕድሉን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በራሷ እንቁላል የምትሞክር ሴት ከ35 በታች ከሆነች በአንድ ሙከራ 40 በመቶ ገደማ ልትወልድ ትችላለች፤ ከ43 በኋላ ከ5 በመቶ በታች ነው። ሌላ ወጣት ሴት በለገሰችው እንቁላል ሲሆን ዕድሉ እንደገና ወደ ግማሽ ይጠጋል፣ ምክንያቱም የሚያረጀው ከማህፀኑ ይልቅ እንቁላሉ ነው። ይህ ግን የእምነት ጥያቄ ያስነሳል። በጅማ ዙሪያ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ የግብፁ የእስልምና ትምህርት ተቋም አል-አዝሀር እ.ኤ.አ. በ1980 በሰጠው ፈትዋ በባልና ሚስት መካከል የሚደረገውን አይ ቪ ኤፍ ፈቅዶ የሦስተኛ ሰው ዘር ወይም እንቁላልን ከልክሏል።

እስከዚያው ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን በቀን 400 ማይክሮግራም ከማርገዝ በፊት መጀመር አለበት። ቡናም ይቀነሳል፤ በቀን ከ200 ሚሊግራም ካፌይን አይለፍ ይባላል። ቡና በሦስት ዙር በሚጠጣበት ከተማ አቦሉን ብቻ ቀምሶ ቶናና በረካውን ለጎረቤት መተው ቀላል ባይሆንም።

ሕክምናው ካልሠራ ጉዲፈቻ አለ። ቃሉ ራሱ ወደ አማርኛ የመጣው ከኦሮምኛ ነው፤ በጅማ አካባቢ የዘመድን ወይም የሌላን ልጅ እንደ ወለዱት አድርጎ ማሳደግ ነባር ልማድ ነው። በሕግ ፊት ልጅ የሚሆነው ግን ውሉን ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው፤ በሽማግሌ ፊት ብቻ የተደረገው ኋላ ውርስ ላይ ያከራክራል።