የክብደት ማዕከል ምንድን ነው? ሐረጎን የሚወርድ ሚኒባስ ሲጫን

ሰኞ ማለዳ ደሴ መናኸሪያ ብትሄዱ የባቲ ገበያተኛ ዕቃውን ሲያስጭን ታያላችሁ። ረዳቱ ፖርቶ መጋላው ላይ ወጥቶ ኬሻ ይቀበላል። ባለንብረቷ ከታች ሆና «አንተ ልጅ፣ እንዳይወድቅብኝ!» ትላለች። እሱም ኬሻውን በእግሩ ረግጦ ገመዱን ይጎትትና «አብሽሪ እናቴ፣ ወላሂ ንቅንቅ አይልም» ይላታል። አልዋሸም፣ አይነቃነቅም። ነገር ግን ገመድ ጭነቱን ከመኪናው ጋር ያስራል እንጂ መኪናውን ከአስፋልቱ ጋር አያስርም። የክብደት ማዕከል የሚባለው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ዱላ ውሰዱና በጣታችሁ ላይ አጋድሙት። ወዲህም ወዲያም ሳያዘነብል የሚቆምባት አንዲት ቦታ አለች። የዱላው ክብደት በሙሉ እዚያች ላይ የተሰበሰበ ያህል ነው። የክብደት ማዕከሉ እሷ ናት። አንዱ ጫፍ ወፍራም ከሆነ ወደ ወፍራሙ ትጠጋለች። መኪናም እንዲሁ ነው። ሞተሩ፣ ሰዉ፣ ነዳጁ፣ ኬሻው ተደምሮ አንድ ማዕከል አለው። ጭነቱን ላይ ካደረጋችሁት ማዕከሉ ወደ ላይ ይሳባል፤ ኋላ ካደረጋችሁት ወደ ኋላ።

ወደ ላይ ቢወጣ ምን ይሆናል? መኪና ሲታጠፍ ጎማው መንገዱን ይዞ ይዞራል። ከላይ ያለው አካል ግን ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። ስለዚህ መኪናው ከኩርባው ወደ ውጭ ያጋድላል። ማዕከሉ ከፍ ባለ ቁጥር ይህ ግፊት መኪናውን ለመገልበጥ ይቀለዋል።

በቁጥር እንየው። ሰው የሞላ ሚኒባስ 3,000 ኪሎ ይመዝናል፣ ማዕከሉም ከመሬት 90 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው እንበል። ሦስት ኩንታል ጤፍ 2 ሜትር ከ30 ከፍታ ላይ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ጫኑበት። ማዕከሉ ወደ 103 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል። 13 ሴንቲ ሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል። መኪናው ሳይገለበጥ ሊቋቋመው የሚችለው የኩርባ ግፊት ግን በስምንተኛ ያህል ቀንሷል። ያንኑ ጤፍ ውስጥ ወለሉ ላይ ብታደርጉት ማዕከሉ ጭራሽ ትንሽ ዝቅ ይላል። ጤፉ ያው፣ ገመዱም ያው።

ይህ ሜዳ ላይ ብዙም ላይታወቅ ይችላል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ግን ይታወቃል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በዚያች አጭር መንገድ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል፣ ያውም በኩርባ ላይ ኩርባ። ሾፌሩ ኩርባው ላይ ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊትም ወደ ጎንም ይገፋል። ላዩ የከበደ መኪና ሁለቱን አንድ ላይ መቻል አለበት። ጎበዝ ሾፌር ቁልቁለቱን ሳይጀምር ማርሽ ቀንሶ የሚወርደው ለዚህም ጭምር ነው።

እንግዲህ ደንቡ ቀላል ነው። ከባዱ ታች፣ ቀላሉ ላይ። ጤፍና ማሽላ ወለል ላይ፣ ባዶ ቅርጫትና ፍራሽ ፖርቶ መጋላው ላይ። ችግሩ ወለሉ ላይ ሌላ ሰው መጫን የሚፈልግ ረዳት መኖሩ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ እዚህ ላይ ተሳፋሪው ቢከራከር አይፈረድበትም።

ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለው ቦታም ያሳስታል። ከኋላ ጎማ አልፎ ብዙ ከተጫነበት የመኪናው አፍንጫ ይቀላል፤ መሪው ሲዞር የፊት ጎማው መንገዱን በደንብ አይቆነጥጥም። ከባዱ ዕቃ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ቢሆን ይመረጣል፣ ግራና ቀኙም ተመጣጥኖ።

በግማሽ የተሞላ ጀሪካንና ፍየል ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ማዕከላቸው አንድ ቦታ አይረጋም። ፈሳሹ ኩርባው ላይ ወደ ውጭ ይጋፋል፤ ፍየሎቹ ሲደነግጡ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይሸሻሉ። ጀሪካኑን ወይ ሙሉ፣ ወይ ባዶ አድርጉት። ቤንዚን በጀሪካን ከሰው ጋር ለምን እንደማይጫን ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

ወለል ላይ ማድረግ ማለት ዝም ብሎ መጣል አይደለም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ቢጋጭ ያልታሰረው ዕቃ በዚያው ፍጥነት ጉዞውን ይቀጥላል። ፍጥነቱ ከ10 ሜትር ከፍታ ከሚወድቅ ዕቃ ጋር እኩል ነው። ከሦስተኛ ፎቅ የወደቀ ዘይት የሞላ ጀሪካን ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ወገብ ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ዕቃው ከወንበሩ ጀርባ ጋር ክፍተት ሳይኖረው ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ከዚያ ይታሰር።

ለማሰሪያ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ላስቲክ ይወደዳል፣ ግን ይለጠጣል። ለፍራሽ ይሆናል፣ ለኩንታል አይሆንም። ለእሱ ገመድ ነው፤ ከላይ ተሻግሮ ብቻ ሳይሆን ከፊት ወደ ኋላም ተጠላልፎ። እህል ደግሞ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ኬሻው ውስጥ ይሰክናል፣ ገመዱም ይላላል። ደሴ ላይ ጥብቅ ያለው ኮምቦልቻ ሲደርስ ጣት ያስገባል። ሰው ሲወርድ ረዳቱ ሁለት ደቂቃ ወስዶ እንደገና ይጎትተው፤ እስከ ባቲ ገና ብዙ ኩርባ አለ።